ያረረው ከላይ ይቀመጥ

ሪሃብ የሠራችው የደስታ መለኪያ ፈተናውን ባለፈ ቀን፣ በግብፅ ዱሚያት ከተማ ውስጥ ከእሷ የበለጠ ያዘነ ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሪሃብ የሥነ ልቦና ተማሪ ናት። ለማስተርስ ጽሑፏ አንድ መጠይቅ አዘጋጀች፤ ሰው በኑሮው ምን ያህል ደስተኛ እንደሆነ የሚለካ መጠይቅ። «ጠዋት ስነሳ ልቤን ደስ ይለዋል»፣ «ከጎረቤቶቼ ጋር ብዙ እስቃለሁ»፣ «ያለኝ ይበቃኛል» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ተደርድረውበታል። መላሿ «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው አንስቶ «በፍጹም አልስማማም» እስከሚለው ካሉት አንዱ ላይ ምልክት ታደርጋለች፣ አለቀ። ሪሃብ ይህንን ለሰፈሯ ሴቶች አደለችና፣ ጥቂት ሳምንታት አሳልፋ ለእነዚያው ሴቶች ያንኑ መጠይቅ ደግማ ሰጠች። መለኪያ የሚታመነው ዛሬ ያለውን ነገም ሲደግመው ነው። ጠዋት ሦስት ኪሎ ያለውን ዓሣ ከሰዓት አምስት ኪሎ የሚል ሚዛን የያዘ ነጋዴ፣ ዱሚያት ገበያ ውስጥ እስከ ምሽት በሰላም አይቆምም።

የሪሃብ ሚዛን ግን ንቅንቅ አላለም። የመጀመሪያው ዙር መልስና የሁለተኛው ዙር መልስ ቁርጥ አንድ ሆኑ። ኮምፒውተሩ ያወጣላት ቁጥር ከማማሩ የተነሳ አንድ ነገር አበላሽቼ ይሆናል ብላ ደግማ አሠራችው፤ ያው ወጣ። የአስተማማኝነቱ ነገር በዚህ ተዘጋ።

ታዲያ ምን ያሳዝናታል? ያሳዘናት የእናቷ ነገር ነው።

መጠይቁ ላይ ስም አይጻፍም። እያንዳንዷ ሴት በስሟ ፋንታ ራሷ የመረጠችውን ምልክት ትሥልና በሁለተኛው ዙር ያንኑ ትደግማለች፤ ሁለቱ ወረቀቶች የሚገናኙት በዚያ ነው። ሪሃብ አበባ፣ ኮከብ፣ ወፍ ምናምን ጠብቃ ነበር። የሰፈሯ ሴቶች ግን የተማከሩ ይመስል አምስት ጣቱን የዘረጋ እጅ ሥለው ሰጧት። እጅ ብቻ! ወፍራም እጅ፣ ቀጭን እጅ፣ መዳፉ ላይ ዓይን ያለበት እጅ፣ የዳክዬ እግር የሚመስል እጅ። እጅን ከእጅ ስታዛምድ ዓይኗ ሊጠፋ ደረሰ። ምናለ አንዷ እንኳ ጽጌረዳ ብትሥል እያለች ተነጫነጨች እንጂ፣ ሁሉም ለምን እጅ እንደሣሉ ራሷን አልጠየቀችም። የገዛ ቁልፏ እኮ የተንጠለጠለው እንደዚያው ባለ ሰማያዊ እጅ ላይ ነው።

ከእጆቹ አንዱ ትንሿ ጣቱ ላይ ቀለበት ነበረው። በሰፈሩ ቀለበት በትንሿ ጣቷ የምታደርግ ሴት አንዲት ብቻ ናት፤ የሟች ባሏን ቀለበት ሌላ ጣቷ አልቀበል ብሏት እዚያ ያጠለቀችው ኢንሺራህ፣ የሪሃብ እናት። ጥናት የሚያጠና ሰው እንዲህ ያለውን አይቶ እንዳላየ ማለፍ አለበት ይባላል። እናት ያለው ሰው ግን እንዴት ብሎ ያልፋል? ሪሃብ አላለፈችም፤ ነጥቡን አየችው። ከሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ዝቅተኛው የባለቀለበቷ እጅ ነጥብ ነበር። በመጀመሪያውም ዙር፣ በሁለተኛውም።

«ከጎረቤቶቼ ጋር ብዙ እስቃለሁ» ለሚለው ኢንሺራህ «በፍጹም አልስማማም» ላይ ምልክት አድርጋለች። ምልክቱንም እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪበሳ ተጭናዋለች።

ሪሃብ ሐጅ ከመድረሱ በፊት ልታገባ ነው። እጮኛዋ ዋግዲ ማርሳ ማትሩህ የሚሠራ የውሃ መሐንዲስ ነው፤ ሲጋቡ የሚኖሩት እዚያ፣ ከአገሩ ወዲያኛው ጫፍ። አባቷ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሷና እናቷ ብቻ ናቸው። እሺ ያለችው እናቴ ደስተኛ ናት፣ ጎረቤቶቿ አሉላት፣ ብቻዋን አትሆንም ብላ ነው። አሁን በገዛ እጇ የሠራችው፣ ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ያልዋሸ መለኪያ፣ እናትሽ የሰፈሩ አንደኛ ምስኪን ናት አላት። እንዲህ ያለችን እናት ጥሎ የሚሄድ ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ነው? ሪሃብ አለቀሰችና ዋግዲ ጋ ደወለች።

«ቀኑን እንግፋው» አለችው።

«የቱን ቀን?»

«የሠርጉን ነዋ።»

«እስከ መቼ?»

«እናቴ ደስ እስኪላት።»

«ሪሃብዬ፣ ባለፈው ዓርብ ስመጣ እኮ እናትሽ በሳቅ ከሶፋው ወድቃ ያነሳኋት እኔ ነኝ።»

«አንተ ፊት ስለሆነች ነው። የውስጧን አታውቅም።»

«አንቺስ በምን አወቅሽ?»

«ለክቼ!» አለችና ስልኩን ዘጋችበት።

በማግስቱ አማካሪዋ ዶክተር ሹክሪ ቢሮ ገባች። ረመዳን ነው። ዶክተር ሹክሪ በጾም ከሰዓት በኋላ የሚያናግራቸውን ሰው አይወዱም፤ ቁጥር ግን ይወዳሉ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት።

«ቆንጆ ነው» አሉ። «ኧረ በጣም ቆንጆ ነው። ታዲያ ለምን የለቅሶ ቤት ፊት ይዘሽብኝ መጣሽ?»

«ዶክተር፣ በሰፈሬ አንድም ደስተኛ ሴት የለችም።»

«ሰፈራችሁ የቱ ነው?»

«ከአናጢዎቹ ጀርባ።»

ዶክተር ሹክሪ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ እኮ ያገባሁት ከዚያ ሰፈር ነው። የባለቤቴ ዘመዶች ሲሰበሰቡ ከሳቃቸው ብዛት ጆሮዬ ይደነቁራል። ያዘኑት መቼ ነው? ትናንት?»

«መለኪያው ግን ሁለቴም ያለው አንድ ነገር ነው።»

«ማለቱንማ ይላል! የእኔ መኪና ነዳጅ መለኪያ ሁልጊዜ ግማሽ ነው ይላል። ስሞላውም ግማሽ፣ በረሃ መሐል ጥሎኝ ሲቆምም ግማሽ። ከእሱ የበለጠ ቃሉን የማያጥፍ ዕቃ አይቼ አላውቅም። ነዳጅ ይለካል ወይ ነው ጥያቄው።» ወረቀቱን መለሱላት። «አስተማማኝነቱን አሳየሽኝ፣ ጎበዝ። አሁን ተገቢነቱን አሳዪኝ። ደስታ ልለካ ብለሽ የለካሽው ደስታን ነው ወይስ ሌላ ነገር? ከወረቀቱ ውጭ የሆነ ማስረጃ ፈልገሽ አምጪ። በይ ሂጂ፣ ጉሮሮዬን አደረቅሽው።»

ሪሃብ ተቀይማ ወጣች። እናቷ የምታዝን ሴት መሆኗ ሳያንስ፣ ኀዘኗን የነዳጅ መለኪያ አደረጉት።

ቤቷ ደረጃ ላይ ስትደርስ የቅቤና የዱቄት ሽታ ተቀበላት። የዒዱ ቅቤ ብስኩት፣ ካህክ፣ የሚጋገርበት ቀን ነው። ከሽታው ቀድሞ የተቀበላት ግን ሳቅ ነበር። በሩን ከፍታ ስትገባ እናቷ እስከ ክርኗ ሊጥ ሆና፣ አንድ እጇ ወገቧ ላይ፣ ቅርጽ ማውጫውን እንደ ማይክሮፎን ይዛ ትዘፍናለች። የፎቅ ጎረቤታቸው ዛኪያ ትሪውን ከበሮ አድርጋ ትመታለች። ሁሉም ጾመኛ ስለሆነ ሊጡ ውስጥ የገባው ስኳር ይሁን ጨው ቀምሶ የሚያውቅ የለም፤ እሱም ያስቃቸዋል።

«ነይ አንቺ ሙሽራ!» አለች ኢንሺራህ። «እጅሽን ታጠቢና ነይ አግዢን። ፊትሽ ምን ሆኗል? ያ ዶክተር ነው?»

ሪሃብ መልስ ሳትሰጥ አንድ ሰው በሩን አንኳኳ። ዛኪያ በቀዳዳው አጮልቃ አየችና ወደ ኋላ ዘለለች። «ሐጃ ነባውያ!» አለች በሹክሹክታ።

ሐጃ ነባውያ ክፉ ሴት አይደሉም፤ ዓይናቸው ነው ችግሩ። የሚያዩት ነገር አይተርፍም ይባላል። አንድ ጊዜ አደባባዩ አጠገብ ቆመው «ምን ያለ የሚያምር አውቶብስ ነው» አሉ፣ አውቶብሱ እስከ ዛሬ እዚያው ቆሟል፣ ልጆች ይጫወቱበታል።

ኢንሺራህ አንዲት ሰከንድ አላባከነችም። «ያረረው ከላይ ይቀመጥ!» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው የተለማመዱት ነገር ይመስላል። ዛኪያ ወርቅ የመሰለውን ካህክ በጨርቅ ሸፍና፣ ከምድጃው ጥግ ያረሩትንና የተሰባበሩትን አወጣችና ከላይ ደረደረቻቸው። ሻርፗን ፈትታ ራሷን እንዳመመው ሰው ግንባሯን አሰረች። ኢንሺራህ ሬዲዮኑን አጠፋች፣ ወንበር ላይ ተደፍታ ጉልበቷን ያዘች፣ ፊቷም ወዲያው የታመመ ሰው ፊት ሆነ። ሪሃብ ራሷ፣ ማንም ምንም ሳይላት፣ በጣም ያማረውን ትሪ አንስታ ወደ መኝታ ቤት ሮጠችና አልጋ ሥር ከተተችው።

በሩ ተከፈተ።

«ምነው፣ ደህና አይደላችሁም እንዴ?» አሉ ሐጃ ነባውያ።

«አይ ሐጃ፣ ምን ደህንነት አለ» አለች ኢንሺራህ። «ጉልበቴ አልላወስ ብሎኛል። ካህኩም ይኸው እንደሚያዩት ነው፣ ከሰል ሆኖ ቀረ። ዘንድሮ እጃችንን ምን እንደነካው እንጃ።»

«ሠርጉስ? ልጁ ጥሩ ልጅ ነው አሉ።»

«ማን ነው ያለው? ዝም ብሎ ልጅ ነው። ጸጉሩም እየሸሸ ነው። ደመወዙንስ ተዉት። ምን ይደረግ፣ የልጄ ዕድል ነው።»

ሪሃብ አልጋው አጠገብ በጉልበቷ እንደተንበረከከች፣ የእጮኛዋን ራስ መመለጥ በጆሮዋ ትሰማለች። እጇ አሁንም ትሪው ላይ ነው። በጣቷ ሥር ካህኩ ይሞቃታል። አንድም ያረረ የለበትም፣ ለዓይን የሚያሳሳ ነው። ለምንድነው የደበቅኩት? ብላ አሰበች። ማን ደብቂ አለኝ? ከዚያ ወረቀቶቹ ትዝ አሏት፣ እጅ በእጅ የሆኑት፣ እያንዳንዱ፣ ቁልፏ ላይ እንዳለው የሰው ዓይን መከላከያ፣ አምስት ጣቱን ዘርግቶ አትዪኝ የሚላት። ሪሃብ በዚያች ሰዓት መጠይቋ ማን እንደሆነ ገባት። መጠይቋ ሐጃ ነባውያ ናት። የእናቷን በር አንኳኩታ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ «ደስ ብሎሻል ወይ?» ብላ ጠይቃለች። እናቷም ያረረውን ከላይ አድርጋ ሰጠቻት። ሁለቴ።

ሐጃ ነባውያ ያረረ ካህክ በሳህን ተቀብለው፣ አዝነውላቸው፣ አላህ ይማራችሁ ብለው ሄዱ። የእግራቸው ኮቴ ከደረጃው እስኪጠፋ ሁለቱ ሴቶች ትንፋሻቸውን ዋጡ። ከዚያ ዛኪያ ፈነዳች፣ ኢንሺራህም ተከተለቻት፣ ተደጋግፈው ሳቁ።

«ጸጉሩ እየሸሸ ነው!» አለች ዛኪያ ዓይኗን እየጠረገች። «የፈረስ ጋማ የሚያህል ጸጉር ያለውን ልጅ!»

ሪሃብ ከመኝታ ቤት ወጣች። «እማማ፣ ያንን መጠይቅ እንዴት ነው የሞላሽው?»

«እንደ ሰው ነዋ።»

«ከጎረቤቶቼ ጋር አልስቅም ብለሻል።»

«ታዲያ ምን ልበል? ያንን ወረቀት ስንት ሰው ነው የሚያየው? አንቺ፣ ያ ዶክተርሽ፣ ከካይሮ የሚመጡት ፈታኞች። የማላውቀው ሁሉ ፊት ደስታዬን እንደ እህል ላስጣው? የሰው ዓይን በልቶኝ ብቀር መለኪያሽ ይመልስልኛል?»

«እኔ እንኳ እስማማለሁ ልል ነበር» አለች ዛኪያ። «እናትሽ በክርኗ ጎሰመችኝ።»

«ተነጋግራችሁ ነው የሞላችሁት?!»

«አንቺ ደግሞ!» አለች ኢንሺራህ። «እጅ ሥለን ሰጠንሽ። አስተዋይ ልጅ ናት፣ ይገባታል ብለን። ከዚህ በላይ ምን እንበልሽ?»

ሪሃብ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና መሳቅም ማልቀስም ጀመረች። በመሐሉም ለዋግዲ ያለችውን ነገረቻቸው።

ኢንሺራህ የሊጡን ድቡልቡል አንስታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ሠርግ? ለእኔ ስትይ? በዚያ ወረቀት ተነስተሽ?»

«ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ስትይኝ ምን ላድርግ እማማ!»

ኢንሺራህ ልትቆጣ አፏን ከፈተችና የልጇን ፊት ስታይ ተወችው። ሄዳ መስኮቱን ዘጋች። በሩን ቆለፈች። ሬዲዮኑን ከፍ አደረገች። ከዚያ በሊጥ እጇ የልጇን ራስ ወደ ራሷ ስባ፣ ጆሮዋ ላይ አፏን ገጥማ፣ ዛኪያ እንኳ እንዳትሰማ አድርጋ አንሾካሾከች።

«ደስተኛ ነኝ። አባትሽን ቀብሬ ይህን ያህል እስቃለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጠዋት ስነሳ ልቤን ደስ ይለዋል። አሁን ሰማሽ፣ ሁለተኛ አታናግሪኝ።»

ሪሃብ ጸጉሯ ሊጥ በሊጥ ሆኖ እናቷን አቀፈቻት። ዋግዲ ጋ ደውላ ይቅርታ የጠየቀችው ግን ዛኪያ ናት፤ ስልኩን ከሪሃብ ነጥቃ። «ቀኑ አልተገፋም» አለችው። «ደግሞ ጸጉርህን አሳጥረህ ና፣ መላጣ ነው ብለናል።»

ሪሃብ የእናቷን ቃል አመነች። ዶክተር ሹክሪ ግን በሹክሹክታ አያምኑም። ስለዚህ ዒድ ሲደርስ፣ ሴቶቹ ቤት ለቤት ሲጠያየቁ፣ አዲስ ጥያቄ ይዛ ዞረች። ይህኛው ስለ ራስ አይጠይቅም። «ጎረቤትሽ ኑሮዋ እንዴት ነው?» ይላል፤ ከአናቱ ላይ ደግሞ በትልቁ «ማሻአላህ» ተብሎ ተጽፏል፣ ማንም ማንንም በዓይኗ እንዳትነካ። ሴቶቹ አፍ አወጡ። «ኢንሺራህ? ማሻአላህ በያት! ስትስቅ በግድግዳው ይሰማል እኮ!» «ዛኪያ? ባሏ በጠዋት ፉል ተሸክሞ ይመጣላታል፣ ማሻአላህ፣ አሁንም እንደ ሙሽራ ነው የሚያያት።» ሪሃብ ለመጻፍ እጇ አልደርስ አላት። የትኛው እጅ የማን እንደሆነም ሴቶቹ ራሳቸው እየሳቁ ነገሯት።

ሁለቱን መልሶች ስታስተያይ ያገኘችውን ዶክተር ሹክሪ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ጎረቤቶቿ ደስተኛ ያሏት ሴት ሁሉ፣ በራሷ መጠይቅ ላይ ኀዘንተኛ ነኝ ብላለች። ደስታዋ በጨመረ ቁጥር ያረረውን አብዝታ ከላይ ደርድራለች። በእውነት የከፋቸው ጥቂት ሴቶች ደግሞ መሐል ላይ ምልክት አድርገው አልፈዋል፤ የሚደብቁት አልነበራቸውም።

ዶክተር ሹክሪ ብዙ አዩት። ከዚያ ጠረጴዛቸውን በመዳፋቸው መቱ።

«መለኪያሽ እኮ ደህና ነው! የተሳሳተው ስሙ ነው። አንቺ የሠራሽው የደስታ መለኪያ አይደለም፣ የሰው ዓይን ፍርሃት መለኪያ ነው። አስተማማኝ ነው፣ ተገቢም ነው፣ እኔ እስከማውቀው በዚህ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ የሠራ የለም። ሽፋኑን ቀይሪና አምጪው።» ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለሰው ግን ብዙ አታውሪው።»

ጽሑፏን ለፈታኞቹ ባቀረበች ቀን ኢንሺራህ አዳራሹ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ከካይሮ የመጡት ፈታኝ ተነስተው «ይህች ልጅ ድንቅ ሥራ ሠርታለች» ሲሉ፣ ኢንሺራህ መታገስ አልቻለችም። «ኧረ ዶክተር፣ ሰነፍ ናት!» አለች ጮክ ብላ። «ቤት ውስጥ አንድ ሳህን አታጥብም!» ፈታኙ ግራ ተጋቡ፤ ዶክተር ሹክሪ ሳቃቸውን ለመደበቅ ጠረጴዛው ሥር እስክሪብቶ ፈለጉ። ሪሃብ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን የተመሰገነች አልመሰላትም።

ሠርጉም በቀኑ ሆነ። ዋግዲ ጸጉሩን አላሳጠረም።

ማርሳ ማትሩህ ከገቡ በኋላ ሪሃብ በየጠዋቱ ትደውላለች። «እማማ፣ እንዴት ነሽ?» «ወይ ልጄ፣ ጉልበቴ! ወገቤ! ትናንት እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም፣ የዛኪያ ጫጫታ ሊገድለኝ ነው።» ሪሃብ ስልኩን ዘግታ እየዘፈነች ቁርስ ትሠራለች። ዋግዲ መጀመሪያ ላይ አማቱን ሐኪም ቤት ሊወስድ ተነሳ፤ በኋላ ለመደ።

አንድ ሐሙስ ግን ኢንሺራህ ስልኩን ቶሎ አነሳችው።

«እንዴት ነሽ እማማ?»

«ደህና ነኝ ልጄ። ምንም አልጎደለኝም።»

«ጉልበትሽስ?»

«ደህና ነው።»

«ወገብሽስ?»

«ሁሉም ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። አንቺ ብቻ ደህና ሁኚ።»

ሪሃብ ስልኩን ዘጋችና ሻንጣዋን አወረደች። ዋግዲ «ምን ሆነች?» አላት።

«ደህና ነኝ አለች» አለችው፤ እንባዋ መጥቶ ነበር። ዋግዲ የአውቶብስ ሰዓት ሊያይ ተነሳ።

በማግስቱ ዱሚያት ስትደርስ ኢንሺራህ ሶፋው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘቻት፤ ዛኪያ ልጇ ጋ ካይሮ ሄዳለች፣ ቤቱ ጭር ብሏል። ልጇን በር ላይ ስታይ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች፣ ቀለበቷ በትንሿ ጣቷ ላይ አበራ። ሪሃብ ዓሣ ጠበሰች፣ ሬዲዮ ከፈተች፣ ስለ አማቶቿ የማያልቅ ወሬ አወራች። ኢንሺራህ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ከሶፋው ልትወድቅ ደረሰች።

ሳህኑን ሲያነሱ ኢንሺራህ ወገቧን ያዘች። «ኧኸ! ኧኸ! ወገቤን ቆረጠኝ እኮ» አለች። «አንቺ ልጅ፣ መጥተሽ ገደልሽኝ።»

ሪሃብ ልቧ እርፍ አለ።